ቀሪ

ሰኔ ገባ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሄደ፤
አቧራው ከበርች ዛፉ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።
ቁልፎቼ ብቻ ናቸው አሁን የሚያወሩ፣
ወገቤን ይዘው በር ለበር ሲዞሩ።
ሃያ ስድስት ክረምት ይህን ወለል ጠረግሁ፤
የዘንድሮን ያህል ዝምታ መች ፈራሁ።

ከስፖርት አዳራሹ ጥግ፣ የጠፋ ዕቃ ሣጥን፦
አንድ የጥርስ ብረት በሶፍት የተጠቀለለ፣
አንድ እግር ቦቲ (ባለቤቱ በምን ሄደ ቤቱ?)፣
ጓንት አርባ አንድ፤ ግራው ቀኙን ያጣ፣
ለሁለት ሲካፈል አንድ ቀሪ ያመጣ።

ጥር ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲነካ፣
የደልበርት አውቶቡስ ጠፋበት ሞተሩ፣ መሐል ጫካ፤
ዘጠኝ ልጅ ይዞ።
በረዶ ጠራጊው እስኪደርስ ማባዛት አስወረዳቸው፣
ጮክ ብለው፣ ከአንድ ጀምረው፣ እንፋሎት እየወጣ ካፋቸው።
ስድስት በሰባት ላይ ነበሩ የመኪናው መብራት ሲታይ።
ዛሬም ሬኖን "ስድስት በሰባት?" ብትሉት
ጣቶቹን እፍ እፍ ይላል፣ ከመልሱ በፊት።

መጋቢት ላይ ማዕድኑ የሌሊቱን ፈረቃ አጠፋ፤
የምሳ ዕዳው ደብተር ወፈረ፣ ተነፋ።
ወጥ ቤቷ ሎቪሳ አንድ ቀን "ድስት ውስጥ ገባብኝ" አለች፤
ሌላ ቃል አልተነፈሰች።
ማንም አልመረመረ። ልጆቹ ግን እስከ ዓርብ ድረስ
"ሾርባው ቀለም ቀለም ይላል" እያሉ ሳቁ።

ትናንት ማርሊስ፣ የትምህርት ወረዳችን ኃላፊ፣
የዓመቱን ሪፖርት ለቦርዱ አነበበች።
አራት ትምህርት ቤት። አንድ የታደሰ ጣራ።
ሦስተኛ ክፍል በንባብ አራት ነጥብ ከፍ አለ።
የሬኖ እፍታ የለበትም።
የሎቪሳ ድስትም የለበትም።
"ቤተ መጻሕፍቱን በተመለከተ" ስትል ብርጭቆዋን አነሣች፤
ውኃው አልቆ ነበር፤ እሷ ግን ጠጣች።

ሚያዝያ ላይ ነው ነገሩ። ግብር ጥቂት ይጨመር፣
የመጻሕፍቱ በር እንዳይዘጋ ተብሎ፣ ድምፅ ተሰጠ።
በአሥራ አንድ ድምፅ ወደቀ።

እኔም ሄጃለሁ። መጋረጃውን ሳብሁ፣ እስክሪብቶውን አነሣሁ።
የሚያፈስ ጣራዬ፣ የመኪናዬ ጎማ፣ የሚስቴ ክኒን ዋጋ
ፊቴ ተደረደሩ እንደ አንደኛ ክፍል ልጆች፣
እጃቸውን አውጥተው፣ "እኔ! እኔ!" እያሉ።
የቀረውን ሆዴ ይፍጀው።

ወይዘሮ ኢልማ ላህቲ መጻሕፍቷን ስታሽግ
ካርቶን ያቀበልኋት እኔ ነኝ፤
"ወገብህን እንዳይጎዳህ፣ ቀስ" አለችኝ።
ካነሣሁት ካርቶን ሁሉ ይኼ ቃል ከበደኝ።

አሁን ሰሙን አፈስሳለሁ፣ ከውስጥ ወደ በሩ፣
ወደ ኋላ እየሄድሁ፣ የራሴን ዱካ እንዳልረግጥ።
ሰም የተቀባ ወለል ለእንግዳ ያበራል፤
ወርቁን የሚፈልግ ጎንበስ ብሎ ያያል፦
የወንበር እግር ጭረት፣ የጫማ ጠባሳ፣
"መሮጥ ክልክል ነው" እያልሁ የጮኽሁበት ሁሉ፣
እነሱ የሮጡበት ሁሉ፣
ከሥር አለ፤ በመፈግፈግ አልለቀቀም።

ማታ ጓንቶቹን አጠብሁ።
ውጤቱ የወጣበትን ጋዜጣ ጠቀጠቅሁባቸው፣ ቅርጽ እንዲይዙ፤
በባዶዎቹ የመጻሕፍት መደርደሪያዎች ላይ አቆምኋቸው፣ ጣታቸው ወደ ላይ።
መብራቱን ላጠፋ ዞር ስል
አርባ አንድ እጅ ወጥቷል።

ጥያቄውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።
በሩ ላይ ቆምሁ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ፣
ስሜን የሚጠራ ያለ ይመስል።