ቁጥር አርባ ሰባት

መስከረም ሲጋመስ፣ ጭቃው ሳይጠነክር፣
ማስታወቂያ ጻፍኩኝ ለኮሶዬ አጥር፤
ካርቶኑ የሳሙና፣ ቀለሙ የብድር።

«ለክቡራን ጎብኚዎች፦
የክረምቱ መዘጋት በመስቀል ማግሥት ያበቃል።
ወደ ገደሉ አፋፍ የሚወስደው መንገድ ለእግረኛ ክፍት ነው፤
ለመኪና እስከ ጥቅምት አጋማሽ አይፈቀድም።
እሳት ማንደድ ክልክል።
ጭላዳ መመገብ ክልክል።
ለማገዶ ፈላጊዎች፦
በሳምንት አንድ ሸክም፣ ማክሰኞ ብቻ፣
ደረቅ፣ በራሱ የወደቀ።
ወይራና ኮሶ ቢወድቅም አይነካም።
የፈቃዱ ዋጋ አሥር ብር።»

ፈንቴ፣ ጥበቃችን፣ በቀጋ እሾህ ሰካው፣
ሚስማር ካላመጡ ምን ያድርግ፣ ምን ይምታው።
የዳባት ነፋስ ግን ሁለት ሌሊት ታግሦ
በሦስተኛው መጣ፣ አንድ ጥጉን በጥሶ፤
«አይፈቀድም» ያልኩት ከነፋስ ተዋደደ፣
ቁራጩን አዝሎ ወደ ቆላ ወረደ።

ማክሰኞ ማለዳ ደጃችን ሰልፍ ሆነ፣
ገመድ በትከሻ፣ መጥረቢያ በብብት።
ያነበበ ልጅ ላላነበበው ጮኸለት፤
«ጭላዳ መመገብ» ላይ ሲደርስ ሳቁበት፦
«መች እኛ መገብነው?
እሱ ነው ያለ ፈቃድ የበላን፣ ገብሱን ጠይቁት!»

የሻረግ ከኋላ ቆማለች።
ሦስት ኃላፊ ሸኝታለች፣ አራት ዓይነት ማኅተም አይታለች።
ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለችኝ፦
«በራሱ የወደቀ ማለት እንዴት ነው፣ ጸሐፊ?
ነፋስ የገፋው አለ፣
ምስጥ የበላው አለ፣
ዕድሜ የጣለው አለ፤
በራሱ የወደቀ እኔ አላየሁም።»

መልስ አልነበረኝም፤ ጻፍኩላት።
ቁጥር አርባ ሰባት። የሻረግ መኳንንት። አንድ ሸክም።
«ለቤት ፍጆታ» አልኩ፣
ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እንደሚወርድ እያወቅሁ።
አሥር ብሩን ከመቀነቷ ፈታች፤ ሙቀቷ አልለቀቀውም።

ደምለው፣ ባሏ፣ በስንዴው ዘመቻ፣
ችግኝ ተቆጥሮ እህል በሚሰፈርበት፣
ከላይ መታጠፊያው ሦስት ጥድ ተከለ።
ሁለቱን ፍየል በላቸው።
ሦስተኛው በነሐሴ፣ ጎርፍ ሥሩን አጥቦት፣
መንገዱ ላይ ወደቀ፣
እንግዳ በሚያልፍበት።
«እሱን ነው የምፈልጥ» አለች፣ «የሰው አልነካ።»

ቀትር ላይ ለቁጥጥር ወጣን፣ እኔና ፈንቴ።
ግንዱ ላይ እጮኛሞች ተቀምጠዋል፣
ከአዘዞ የመጡ፣ ለጥር ሠርጋቸው ጥሪ ካርድ።
ፎቶ አንሺው ሣሩ ላይ ተንበርክኮ
«ትንሽ ዞር፣ ገደሉ ይታየኝ» ይላል።
የልጅቷ ቀሚስ ሙጫ ነክቶታል፣ አላወቀችም።

የሻረግ መጥረቢያውን ነጠላዋ ሥር ከተተች፣
እንደ ሌባ አይደለም፤
ቤቷን ሳትጠርግ እንግዳ እንደደረሰባት ሴት።
«እማማ፣ አንድ ጊዜ ከእኛ ጋር» አሏት።
መሐል ገባች።
መዳፏን ቅርፊቱ ላይ አኖረች፣
ካሜራውን አላየችም።

እነሱ ሄዱ። ጉሙ ከገደሉ ተነሣ።
«ፈቃዱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አልኳት፤
ሥራዬ ስለሆነ አልኩት።
«እቤታችን» አለች፣
«ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ መደብ እንኳ አልነበረንም።»
ከዚያ ዝም።

ባዶ ገመዷን ጠቅልላ ወረደች።
ወረቀቱን አራት አጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ ተወችው፤
አሥር ብሯን አልጠየቀችም፣ እኔም አልመለስኩም።
ቅዳሜ ኩበት ይዛ ገበያ ስትወርድ አየኋት፣ ይላል ፈንቴ።

መዝገቡ ሦስት ዓምድ አለው፦
የተሰጠ፣ የወጣ፣ የተወረሰ።
ለእሷ የሚሆን ዓምድ የለውም።
ክፍቱን ተውኩት።

በግንቦት መርማሪ መጣ፣ መነጽሩን አወለቀ፣
ጣቱን አርባ ሰባት ላይ አሳረፈ፦
«ይህ ሸክም የት ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው» አልኩት።

ጻፈው።