አስራ አንድ ሰከንድ

አስራ አንድ ሰከንድ ናት፤ የቀረጽኳት እኔ ነኝ፣
ከአልዩ አምባ ገበያ ጫፍ፣ ፀሐይ ጀርባዬን ሲመታኝ።
የሄድኩት ለሽመና ነበር፤ ለአርጎባ ኩታ፣ ለድርና ማግ፣
ለቅዳሜ ፕሮግራም፣ ለቀለም፣ ለደህና ወግ።

ሰውዬው ከሸማኔ ጉድጓዱ ብድግ ብሎ ወጣ፤
ጢሙ ሂና የነካው፣ ቆቡ የዓመት ላብ የጠጣ።
ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ ተጣራ፤
የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ፊቱ በላብ እያበራ።
ካሜራዬ ልማዷ ነው፤ ጩኸት ወዳለበት ዞረች።
አስራ አንድ ሰከንድ በላች። ጠገበች። ተዘጋች።

ከጀርባዬ አይሱዙ ነበር። የማሙሸት አይሱዙ።
ከጭነቱ በላይ ሰባት ሴቶች፣ ቅርጫት የያዙ።
ፍሬኑ እምቢ ብሎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ገደሉ አፍ ሊደርስ፤
«ድንጋይ! ድንጋይ ከጎማው ሥር! ማሙሸት፣ መሪህን መልስ!»
ይኸው ነው የጮኸው፤ ሌላ ቃል አልወጣውም።
ምስሉ ውስጥ ግን አይሱዙ የለም። ገደሉም፣ ድንጋዩም የለም።

አዲስ አበባ፣ ኤዲቲንግ ክፍል፣ መጋረጃው የማይነሣ፤
ኩታው፣ ድሩ፣ ማጉ፣ ሁሉም ተቆርጦ ወደቀ፣ ተረሳ።
በዚያው ሳምንት ሩቅ አገር አንድ ነገር ፈንድቶ ነበርና፣
አለቃዬ በሩን ከፈተ፤ «ምስል አለህ? ጢም ያለው፣ ቆጣ ያለ፣ ደህና?»
«ድምፁስ?» «ድምፁን ንቀለው፤ በላዩ አንባቢው ይናገራል።»
ነቀልኩት። ጥርስ አይደለም፤ ደም የለውም፤ ይቀላል።
ለማህደሩ ስም አወጣሁላት፣ ክርስትና እንዳነሣ ሰው፤
«አክራሪነት፣ አራት» ብዬ። ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ
ባሕር ማዶ ባቡር ሲነድ፣ ጋሽ ጦይብ እጁን ያነሣል።
በረሃ ላይ ሰው ሲታረድ፣ ጋሽ ጦይብ እጁን ያነሣል።
አንድ ምሁር ከረባቱን አስተካክሎ «የችግሩ ሥር...» ሲል፣
ከትከሻው በላይ ጋሽ ጦይብ፣ ያለ ድምፅ፣ አፉን ይከፍታል።
በረመዳን ዋዜማ አንድ ጊዜ። በምርጫ ሰሞን ሁለቴ።
ምሳ ቤት ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ጉርሻው ቆመ ከአንገቴ።

የሚያርድ የለም አልልም። አለ። ቢላው እውነት ነው፤
የሞቱትም ስም ነበራቸው፤ ለቅሷቸው ጎረቤት የሰማው።
ግን ቢላ የጨበጠው እጅ፣ ጓንት አጥልቆ ሲሄድ፣
ድንጋይ አቀብሉ ያለ እጅ፣ ስለምን ይሆን የሚፈረድ?

በስድስተኛው ዓመት ወረድኩ። ካሜራ አልያዝኩም።
ምን እንደምል አላውቅም።
የአንኮበር ጉም እስከ ግማሽ ሸኘኝ፣ ከዚያ ቆላው ተቀበለኝ፤
ጋሽ ጦይብ ከጉድጓዱ ሆኖ፣ በእግሩ እየረገጠ አየኝ።
«ያ የካሜራው ልጅ!» አለ። ወንበር አስመጣ። ውሃ አስመጣ።
ሽበት ሂናውን አሸንፎ፣ ጢሙ ለሁለት ቀለም ወጣ።

ልጁ ረምላ ደብረ ብርሃን ትማራለች፤ የዶርም ጓደኞቿ
ቴሌቪዥኑን ያጠፋሉ፣ አባቷ ሲመጣ፤ አዝነው፣ እንደ እህቶቿ።
እሱን ደግሞ ኬላ ላይ ያወርዱታል። «ይህን ፊት የት ነው የማውቀው?»
ይላል ፈታሹ። የኩታውን እጥፋት ሁሉ ይተረትራል። ምን ይበለው?
ፊቱ እኮ ፊቱ ነው።

ይህን ሲያወራኝ ሳቀ። እኔ ልናዘዝ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤
እሱ የተበጠሰች ድር ሲቋጥር፣ ጣቶቹን እያየሁ ቆየሁ።
«ለመሆኑ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ «በዚያ ሁሉ በታየሁበት ዓመት፣
መኪናው መቆሙን ተናገሩ? ጎማው ድንጋዩን ነክሶ መቅረቱን?
የሴቶቹን መትረፍ ሰው ሰማላት፣ ያቺን እጅ ባያት ሰዓት?»

ዝም አልኩት።
ከላይ፣ ከዳገቱ፣ አንድ አይሱዙ ፍሬን ይዞ ሲያቃስት፣
እጁ ከድሩ ላይ ተነሣች፤ አፉ ሊከፈት ሲል
እኔን አየ።
አወረዳት።