ባዶ ሶኬት

ከዓሣ መጋዘን በላይ፣ በቶርስሃቭን ወደብ፣
ስድስት ክረምት ሙሉ፣ ኮድን በኮድ ስደርብ፣
አንድ ኤዲተር አቆምኩ፤ አዝራሩ መቶ ሃያ፣
ምናሌ ከምናሌ ሥር፣ ግርግሩ እንደ ገበያ።
ትሮንዱር ባልደረባዬ፣ «ምን ይጎድለዋል?» ሲለኝ፣
«ምንም!» አልኩት፤ ኩራቴ ከምድጃው በልጦ አሞቀኝ።

አንድ ማክሰኞ በዝናብ፣ ሶልሩን ደረጃውን ወጥታ፣
የበጎች ጆሮ መዝገብ፣ በላስቲክ ጠቅልላ አምጥታ፣
ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።
ማያውን አየች። ዝም አለች።
እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ፣ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ፣
«ልጄ፣ መጻፊያው የት ነው?» አለች፣ አንድ ነገር ነክታ እንዳትጎዳ።
ትሮንዱር ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን ባዶውን ገጽ ስፈልገው፣
እኔው ሠሪው፣ እኔው ባለቤቱ፣ ሦስት ሰከንድ ፈጀብኝ ሳገኘው።

ያን ሌሊት አዝራር ነቀልኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እንደ አረም፣
ከነቀልኳቸው መቶ ዘጠኝ፣ አንዱን እንኳ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
«ስህተት፦ ሰባ አራት» ይል የነበረው፣ እንደ ዳኛ ፊቱን ቋጥሮ፣
«ዲስኩ ሞልቷል፤ ጽሑፍህ ግን አልጠፋም» አለ፣ እንደ ሰው ተናግሮ።

የጆሮው ነገር ግን አለ። እዚህ የበግ ጆሮ ፊደል ነው፣
ቀኙ ጫፉ ተቆርጦ፣ ግራው ከኋላ ተሰንጥቆ፣ ባለቤቱን የሚናገረው።
ይህ በየትኛው አዝራር? ቄሱ ደግሞ የመዝሙር ቁጥር፣
የጨረታው ጸሐፊ የዓሣ ሚዛን፣ ተማሪው የግርጌ ማስታወሻ ሲደረድር፣
ሁሉን ልጨምር ብል፣ ያው መቶ ሃያ፣ ያው ግርግር።

እናም ግድግዳውን በሳሁ። ሶኬት ተውኩ፣ ባዶ፤
ቅርጹን ብቻ ወሰንኩ፤ የሚሰካው ይምጣ፣ ካሻው ቦታ ተወልዶ።
«ቤትህን በሳኸው» አለ ትሮንዱር፣ «ሌባ በዚያ ይገባል።»
«ይገባል» አልኩት፤ «እንግዳም እኮ ይገባል።»

ሁለቱም ገቡ።
በጸደይ አንዱ ተሰኪ ሰነዱን ሁሉ ገለበጠብኝ፣
ሁለት ቀን ሳልተኛ ጠገንኩ፣ የትሮንዱር ሳቅ እያጀበኝ።
በጥቅምት ግን፣ በጎች ከተራራ በሚወርዱበት ሰሞን፣
መልእክት መጣ፣ ከሶልሩን።
የእህቷ ልጅ አግዟት፣ ሰባ ስምንት መስመር ኮድ፣
አጻጻፉ ወልጋዳ፣ እንደ በግ መንገድ።
ሰካሁት። ጠቋሚው ዘለለ። ከዚያ ነጩ ገጽ ላይ፣
አንዱ የተቆረጠ፣ አንዱ የተሰነጠቀ፣ ጥንድ ጆሮ ብቅ ሲል ሳይ፣
ስድስት ክረምት ሙሉ፣ ይህን አስቤው አላውቅም።

«መጻፊያውን አገኘሁት» ይላል ከሥሩ፣ «ግን ልጄ፣
ቀኙ ጆሮ በግራ ወጣ፤ ያንተ ሶኬት ነው ወይስ እጄ?»

ፈተሽኩት። ሶኬቴ ነበር።
መብራቱን መልሼ አበራሁ።