ሁለተኛ ማርሽ

«ሙዚቃ የሚያውቅ — አንድ እርምጃ ወደ ፊት!»
ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ጮኸብን በሌሊት፤
ከቦርከና በላይ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
እንቅልፍ ዓይናችን ላይ ገና ሲንሳፈፍ።

እኔ ሙዚቃ አላውቅም።
ማርሽ ሲሉኝ የማውቀው የጋሽ እብሬን ነው፣
አራት የፊት፣ አንድ የኋላ።
ግን ትናንት ወጥ ቤት፣ ከድንች ክምር ሥር፣
ከማል ሹክ ብሎኛል አንድ ትልቅ ምስጢር፦
ማርሽ ጓድ የገባ ቢላ አይጨብጥም፣
ሌሊት ዘብ አይቆምም፣ ድንችም አይልጥም።

ወጣሁ አንድ እርምጃ።

«ምን ትጫወታለህ?»
ውሸቱ ምላሴ ላይ ሲንከባለል እጄ ቀደመኝ፤
አጠገቤ የቆመውን የውሃ ቦቴ
ጎኑን በመዳፌ መታሁት።
አንዴ — ቁም።
ሁለቴ — ሂድ።
ከዚያም በሁለቱ መሐል ያለውን ሁሉ፦
«ጠጋ ጠጋ በሉ!»ን፣
«መልሴን!» የሚሉትን ሴትዮ ጭቅጭቅ፣
ጎማ ሲቀየር የሚወድቀውን ፀጥታ፣
ሐረጎ ዳገት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣
ሞተሩ እንደ ወላድ ሲያምጥ የሚመታውን ምት።

«ማነው ያስተማረህ?»
«የሚኒባስ በር፣ ጌታዬ።
ሦስት ዓመት፣ ከደሴ ኮምቦልቻ።»
ሃምሳ አለቃው ፊቱን አዞረ፤
ትከሻው ግን ሳቀ።

ትልቁን ከበሮ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት፤
መልህቅ ተስሎበታል፣ ግማሹን ጊዜ ልጦታል።
ከሆዴ እስከ አገጬ ዓለምን ጋረደኝ፣
እግሬን ማየት ቀረ፣ መሬቱም ራቀኝ።

አሥራ ስድስት ነን። ዘጠኛችን ዋና አንችልም።
ባሕር ያየ ከመሐላችን ጓንጉል ብቻ ነው፣
ምጽዋ፣ ጢሙ ገና ሳይጠና።
«መርከብ ላይ» ይለናል፣ «ወለሉ ይዋሻል፤
እግሩን ያመነ ሰው ጨው ውሃ ይቀምሳል፤
ከበሮውን እመኑ!»
ብሎ በማሽላው ማሳ ዳር፣ አቧራው ላይ፣
ማዕበል ያስተምረናል፦
የፊቱ ረድፍ ዝቅ፣ የኋላው ከፍ፣
የመሐሉ እስትንፋሱን ይዞ።

ጦይባ ቱባዋን ታቅፋለች።
ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር በቱባ ታጠነጥን ነበር፣
አሁን የናሱን ቱባ ትነፋለች።
«ክሩ ይሻል ነበር፣ ምራቅ አይፈልግም» ትላለች።
ቀልዷን የሚስቅላት እኔ ነኝ።
ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን «ቁም!» ሲባል እጄ ከዳኝ፤
ልማድ ሁለት አስመታኝ።
ሰልፉ ሄደ።
ጥሩምባው የፊተኛውን ማጅራት ወጋ፣
ጸናጽሉ መሬት ላይ ተንከባለለ፣
ባንዲራ ያዡ ብቻውን ቆሞ ቀረ።
ያን ሌሊት
አንድ ኩንታል ድንች ላጥኩ።
ከማል አጠገቤ ተቀምጦ ምንም አላለም፤
ደግ ልጅ ነው።

የምረቃው ዕለት
አጥር ዳር፣ ከእናቶች መሐል፣ ጋሽ እብሬን አየሁት፣
የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
ሜዳው ዝም አለ።
ሰልፉ የሚነሣው በእኔ ነው፤
ሁለት ምት፣ ከዚያ ናሱ።
መታሁ።
አንድ።
ሁለት።

ጋሽ እብሬ ግራ እግሩን ከመሬት ቀስ አድርጎ አነሣ፣
ፍሪሲዮን እንደሚለቅ፤
ቀኝ እጁ አየር ላይ ማርሽ አስገባ።
እኛም ሄድን፣
ነጭ ለብሰን፣ በደረቅ ሜዳ ላይ፣
አሥራ ስድስት ሰው፣ አንዲት ማዕበል፣
የጎፍ ተራራ ቁልቁል እያየን።

ሲያበቃ ቀረበና ከበሮውን በጣቱ ኳ አደረገው።
«ድምፁ ደኅና ነው» አለ።
«ያቺን በር ግን አላስጠገንኳትም፤
አዲሱም ልጅ
አንተ ያሰረጎድካት ቦታ ላይ ነው የሚመታው።»