ቆማ እንዳታረጅ

በየሁለት ሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት ጠዋት፣
ሸራዋን ገልጬ «እንዴት አደርሽ?» ልላት
ቁልፉን ከሚስማሩ አንስቼ እወርዳለሁ፤
ሰላሳ አንድ እርከን ነው፣ ባንድ እግሬ እቆጥራለሁ፣
በሌላው አነክሳለሁ።

ሸራው ስር ፉልቪያ፣
የስልሳ ሰባት ልጅ፣ ባለ ሁለት በር፣ ወይን ጠጅ ቀለም፤
እንደ እሷ ዘመድም፣ እንደ እሷ ዕዳም የለም።
ባትሪው ከግድግዳ በቀጭን ገመዱ
ሌሊቱን ሲጠባ ያድራል እንደ ልማዱ።
ጎማዋ ባንድ ጎን ተኝቶ ቅርጹን እንዳያጣ ስለምሠጋ
አንድ ክንድ ልግፋት ስል፣ ትከሻዬ ቀድሞ ተዘረጋ።
የእጅ ፍሬን አልይዝም፤ ይጣበቃል ሲቆይ፤
ሽብልቅ ነው ዘበኛዋ፣ ያለ ደሞዝ አገልጋይ።
ዘይቷን በኪሎ ሜትር አይደለም፣ በዓመት ነው የምቀይረው፤
«ያልሠራ ዘይትም ያረጃል» ያለኝ ስታንኮ መካኒኩ ነው፤
ጋራዡን ዘግቶ ቤት ዋለና፣ በራሱ ገላ አረጋገጠው።

ትራም ነው የነዳሁት፣ ሰላሳ ሁለት ዓመት፣
ከትሪየስቴ ወደብ እስከ ኦፒቺና ዳገት።
መሪ የለው፣ መጠምዘዝ የለው፤ ሐዲዱ ባለው በኩል፤
ቀኝ ባማረኝ ቀን ቀኝ አልል፣ ግራም አልል።
ጡረታ የወጣሁ ለት ያለኝን አራግፌ ይህችን ገዛሁ፤
ሞተር አልነበረም የፈለግሁት፣
መሪ ነው።
ዕድሜ ልኬን ያለፍሁትን ኩርባ ሁሉ ልዞር ነበር፤
ከዚያ ስፈራላት፣ እንዳትጫር፣ እንዳትሰበር፣
ጨው የተበተነበት አስፋልት እንዳይበላት ስጠብቅ፣
አስራ አንድ ዓመት ሞላኝ ከበሩ ሳልርቅ።

መጋቢት ላይ ከግራዝ አንድ ገዢ መጥቶ፣
መብራት በጥርሱ ይዞ ከስሯ ገብቶ ወጥቶ፣
«ዝገት የለም» አለኝ፣ እንደ ነፍስ አባት ፈትቶ።
ዋጋ ጠራ። ደህና ዋጋ፤
ጣራ የሚያሳድስ፣ ጉልበት የሚያሳክም።
«መስታወት ቤት አኖራታለሁ፤ ከእንግዲህ አትነዳም።»
ያኔ ነው የደነገጥሁ፤
የራሴን ነውር በሰው አፍ ሰማሁ።

እሱን ሸኝቼ ሰሟን ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁ፤
በሯ ላይ ፊቴን አየሁ።
ሰሙስ ይኸው፣ ያበራል፤
ወርቁ መንገድ ነበረ፣ እሱን ነው የጣልሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ላስነሣት ኮፈኗን ብከፍት፣
አየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ተኝታለች፣ አራስ እናት፤
ስድስት ልጆች፣ ዓይናቸው ገና ያልተገለጠ፣
ፍራሻቸው ከወንበሯ ስፖንጅ የተቦጨቀ።
ስታንኮ በስልክ «ጠርገሽ ጣያቸው!» አለ።
ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልሁ።
ለዚህች መኪና ብዬ ዝናብ ፈርቼ፣ ጠጠር ፈርቼ፣
ልጅ ያሳደገባት ግን አይጥ ብቻ ሆነ፤ ሳቅሁ ጋራዥ ተቀምጬ።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ወጡ።
የወጡበት ቀን ቦራ ነፈሰ፣
ባርኔጣ የሚቀማው፣ ሽማግሌ ገፍቶ የሚጥለው ያገራችን ነፋስ።
መኪና የሚወጣበት ቀን አልነበረም።
የከረመውን ቤንዚን፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚለውን፣
በቱቦ ቀዳሁ፤ የተረፈውን ከአፌ ተፋሁ።
ቾኩን ሳብሁ። ሳለች።
ደግሜ። ሳለች።
በሦስተኛው ተነሣች፤ ግድግዳው ሁሉ አብሮ ተነሣ።
ወይዘሮ ፌዶራ ከላይ ቤት መስኮት ወጥታ
«ማን ሞተ?» አለች ደንግጣ።
«ማንም! የተነሣ ነው ያለው!» አልኋት።

ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ከሐዲዱ ጎን ለጎን፤
እጄ መሪ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋሱ ይሁን ፍርሃቱ ይሁን።
ከኮረብታው ጫፍ ሐዲዱ ቀኝ ይላል።
ግራ ዞርሁ።

ካርሶ ላይ ነጭ ድንጋይ፣ የወይን ማሳ፣ አንድ ውሻ፤
አንድ ጠጠር ዘለለና በሯን ጫራት ወደ መጨረሻ፣
ጥፍር የሚያህል።

ማታ ሸራውን ሳለብሳት ዳሰስሁት።
ሰም አልቀባሁትም።