ሁለት ጥማድ በዱነም

ይህችን ከተማ «ሰፊ ስፍራ» ብለው ሰየሟት፣
ረሖቮት።
የኔ ክፍል ግን በመሬት መዝገብ ቤት
አራት እርምጃ በሦስት፤
መስኮቱ ግድግዳ ያያል፣ ወረቀቱ ጣሪያ ይነካል፣
ቱርክ የጻፈው፣ እንግሊዝ ያረመው፣ ብል የቀመሰው ተቆልሏል።

ሥራዬ ማባዛት ነው።
አሮጌው ዱነም አርባ እርምጃ በአርባ ነበረ፣
የማን እግር እንደ ለካው ሳይነገር የቀረ፤
ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ከምናምን።
አዲሱ ድፍን ሺህ ነው፣ ለሒሳብ የሚታመን።
ስለዚህ በዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አንድ ዘጠኝ አባዛለሁ፣
የሞቱ ሰዎችን እርምጃ አሳጥሬ አስገባለሁ።
ሰባ ዱነም የነበረው ስድሳ አራት ይሆናል፤
መሬቱ ከቦታው አልተነሣም፣ ወራሹ ግን ያለቅሳል።

ማክሰኞ አባ ቢተው መጡ፣
ተራቸውን ጠብቀው ከፊቴ ተቀመጡ።
ሰነድ የለም። ካርታ የለም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣
«አማርኛ ትሰማለች ብለውኝ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን አሳንሰው።
«ሁለት ጥማድ፣ ወገራ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣
በዚህ አገር ልክ ስንት ይሆን፣ በዱነም ተሰልቶ?»

ቅጹን ከፈትኩ። መጀመሪያ፦ የባለቤቱ ስም።
ጣታቸው በባርኔጣው ጠርዝ ዞረ። «የኔስ አይደለም።
የባላባቱ ነው። እኛ ርስት አልነበረንም፤
ሲሶ ከፍለን አረስናት እንጂ ስሟን አልያዝንም።
ግን የማውቃት እኔ ነኝ። ድንጋይዋን በእጄ የለቀምኩ፣
የት እንደምትረጥብ፣ የት ማረሻ እንደምትሰብር ያወቅሁ።»
ሳጥኑን ባዶ ተውኩት።
ኮምፒውተሩ እምቢ አለ፤
ያለ ባለቤት ስፋት የለም አለ።

ጥማድ የሚል ቃል በዝርዝሩ የለም። ፈለግሁ፣
ከዕብራይስጡ መዝገበ ቃላት አሮጊት እኅቷን አገኘሁ፤
ጼሜድ፦ አንድ ጥንድ በሬ ባንድ ቀን የሚያርሰው።
«ያችው ናት!» አሉ አባ ቢተው፣ ሳቅ ፊታቸውን ወርሶት፣
«ለካ እሷ ቀድማን ገብታለች፣ ማንም ፈቃድ ሳይጠይቃት!»

ቢሆንም ስፋት የላትም። ቀን ናት።
በዋልካ ትጠባለች፣ በልል አፈር ትሰፋለች፣
በሬው ሲከሳ አብራ ትከሳለች።
ቀንን በሜትር እንዴት አድርጌ ልለካ?

ዓርብ ጠዋት ከብርቱካኑ ማዶ ወጣን፣
ለፎቅ የታጠረ፣ ገና ያልተቆፈረ ቀይ አፈር መረጥን።
እሳቸው የሌለ እርፍ ጨበጡ፣
«ና ቦራ! ዙር ዳልቻ!» ብለው
ከሁለት የሞቱ በሬዎች ኋላ ቀስ እያሉ ወጡ።
እኔ ስልኬን ይዤ ትልም በትልም ተከተልኩ፣
በሬዎቹ ሲዞሩ ዞርኩ፣ ሲያርፉ አረፍኩ።
የሕንፃው ዘበኛ ሊያባርረን መጣ። ቆሞ አየ። ሲጋራ ለኮሰ።
አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመ፣
ከዚያ ከበሬዎቹ መንገድ ዘወር አለ።

እኩለ ቀን ላይ የአባ ቢተው ጉልበት አሻፈረኝ አለ።
«እንፍታቸው» አሉ። ቀንበሩን አወረዱ፣
አየሩን አንገት ባንገት ዳበሱ።
ስልኬ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር ካሬ አለኝ።
«ግማሽ ቀን ነው፣ በሬዎቹም ሸምግለዋል፤
ይህንንም አስቢልኝ።»

እሑድ ሥራ ገብቼ ቅጹን ሞላሁት።
ስፋት፦ ሁለት ቀን።
ባለቤት፦ አይታወቅም።
የሚያውቃት ሰው፦ ቢተው።
ኮምፒውተሩ ከሥሩ ቀይ መስመር አሰመረበት፣
ስሕተት ነው ሲል። ረጅም፣ ቀጥ ያለ።
ዝቅ ብዬ አየሁት፣
ዳር እስከ ዳር፣
ትልም ነበር።