እርሳስ

ከኮታያም ሽቅብ፣ ጭጋግ በሚያድርበት፣
የጎማ ዛፍ ቆስሎ ወተት በሚያነባበት፣
ሱቄ አለች ከዳገት፣ በቆርቆሮ ክዳን፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ያቆምኩባት ሚዛን።
ገበሬው ያመጣል ቁንዶ በርበሬውን፣
እኔ እነግረዋለሁ ክብደቱን፣ ዋጋውን።

እሑድ እሑድ ደግሞ፣ በነጭ ሽርጥ ደምቄ፣
ከዓምዱ ሥር እቆማለሁ፣ ቦታዬን ጠንቅቄ።
አፌ በሱርስት ዜማ ምሕረት እየለመነ፣
ዓይኔ ግን ከበሩ ላይ ዘበኛ ሆነ፦
"ዘገየ ያ ቶማን፤ ትናንት ጠጥቶ ነው።
የማርያኩቲም ልጅ ነጠላዋ ስስ ነው።
ቻኮ ደግሞ ያውና፣ ሻማ ይዞ ቆሟል፤
ሻማውን በሰው ላብ ሳይገዛው ይቀራል?"

ቻኮ ባላንጣዬ፣ ከመንገዱ ማዶ
ሱቅ የከፈተብኝ፣ ደንበኛዬን ወስዶ።
"ያው ከረጢት፣ ያው ፍሬ፣ እርሱ ዘንድ ይከብዳል"
ሲሉ ብሰማ ጊዜ፣ "ይሄ ሰው ያታልላል"
ብዬ፣ እርሳስ ቀርጬ፣ ወረቀት ዘርግቼ፣
ለሚዛን መርማሪው ጻፍኩ፣ ሌሊት ነቅቼ።
ስሜን አልፈረምኩም፤ ማን ይየኝ፣ ማን ይስማ፣
ምጽዋት እንደሚሰጥ፣ በስውር፣ በጨለማ።

መጣ መርማሪው፣ ዝናም ያባራ ለት፣
መነጽሩ በላብ፣ ጫማው በጭቃ ርሶበት።
ሳጥን ከፈተና፣ ከቀይ ከፋይ መኻል
እንደ ሕፃን ታቅፎ አንድ ናስ አውጥቷል።
የቻኮን መዘነ፤ ልክ ሆነ፣ ጸደቀ፤
መንገድ ተሻገረ፤ የእኔን ጠየቀ።
አምስት ኪሎዬን አንሥቶ ቢያኖር ከናሱ ትይዩ፣
ሚዛኑ አጋደለ። ሰዎቹም ቆሙ፣ እያዩ።

ገልብጦ አሳየኝ፤ ከብረቱ ሆድ ጉድጓድ
እርሳስ ተጠቅጥቋል፣ ጠቁሮ እንደ ጓጉንቸር ጓድ።
"ማን ሞላው?" ሲለኝ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ፦
ባገባሁበት ዓመት ውታፉ ቢጠፋብኝ፣
አቅልጬ ሞላሁት፣ በችኮላ፣ ማታ፤
አንድም ቀን አልለካሁት፣ እንኳ ለአንድ አፍታ።

አርባ ግራም።
አርባ ግራም ብቻ፣ በአምስት ኪሎ ላይ።
ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ስንት ነው፣ በሰማይ?
ልክ ነኝ ስል ኖሬ፣ ልኬን ያየሁ ያን ለት።

"ስሕተት" ብሎ ጻፈ፤ ቅጣቱም ቀላል ነው፤
እኔን የከበደኝ ያ ሌላው እርሳስ ነው፦
በጣቴ የያዝኩት፣ ሰው የከሰስኩበት፣
ጫፉን በምራቄ እያራስኩ የጻፍኩበት።
አንዱ እርሳስ በሚዛን፣ አንዱ እርሳስ በጆሮ፤
ሁለቱን ይዤ ነው የጾምኩት እስከ ዘንድሮ።

የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ የይቅርታው ሰኞ፣
ሰው በሰው ፊት ወድቆ "ማረኝ" በሚልበት፣
ቄሳችን ኩርያኮስ ከመቅደሱ ወጥቶ
ለሕዝቡ አስቀድሞ ሲሰግድ አየሁት።
ቻኮ ፊት ሄድኩና፣ ግንባሬን ምንጣፍ ላይ፣
"ያ ደብዳቤ የእኔ ነው" አልኩት።
ዝም አለኝ፣ ብዙ።
ከዚያ፣ "አውቃለሁ" አለ፤ "ጽሕፈትህ አይጠፋኝም፤
በአንድ አግዳሚ ተቀምጠን ነው ፊደል የቆጠርን።"

አቻማ ጋ ሄድኩ፣ ከረጢት ተሸክሜ፣
ከደጇ ላይ ቆምኩ፣ እንደ ባለዕዳ፣ አቀርቅሬ።
"ባሌ ታሞ ሳለ ነበር የጎደለኝ፤
ዛሬ ብትሞላልኝ ማንን ያስነሣልኝ?"
አለች መበለቲቱ። ከረጢቱን ግን ተቀበለች፤ በሯን ዘጋች፣ በቀስታ።
እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ምሬት ነው? ይቅርታ?

እርሳሱን አስፈልፍዬ፣ የተረፈውን ያዝኩት፤ በኪሴ ነው ያለ፤
ባቄላ ቢያህል ነው፤ ሽርጤን ግን በአንድ ጎን ሲስባት ዋለ።
ባለፈው እሑድ ቶማን ዛሬም ዘግይቶ መጣ፤
"ይኸው ደግሞ" ልል ስል፣ ቃሉ ከጉሮሮዬ ሳይወጣ፣
እጄ ኪሴ ገብቶ ያችን ክብደት ነካት።
ከዓምዱ ገለል ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት፤
"ግባ" አልኩት፣ "ቶማን"። አጠገቤ ቆመ።
እውነቱን ልናገር፦
ጠጥቶ እንደሆነ፣ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት።